የወንዝ ዲናሞ ለእኛ ይሆናል? የት፣ መቼና ለማን?

ሰሞኑን በሻይ ቤቱም በውሃ ቦኖውም ወረፋ ላይ የሚወራው ስለ አንዲት መሣሪያ ነው። ፈረንጆች ለሽርሽር ጫካ ወርደው ድንኳን ሲተክሉ ይዘዋት የሚሄዱ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ሲነክሯት እየተሽከረከረች ስልክ ቻርጅ የምታደርግ ትንሽ ተርባይን ናት። ቪዲዮዋ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሞ አሁን ጥያቄ ሆኖ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ደርሷል። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ እነሱ ለመዝናናት ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ መብራት ካላቸው፣ ድንኳን ውስጥ ዓመት የቆጠርነው እኛ ለምን አይኖረንም? ድርጅቶቹስ ለምን አያመጡልንም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንዶች «የሥራ ፈት ወሬ» ሲሉ ሰምተናል፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ጨለማ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ጎረቤት ቀስቅሳ የምትሄድ እናት፣ የጠፋ ልጇን ወሬ የምትጠብቅበት ስልክ ባትሪው ሲያልቅባት የምትንቀጠቀጥ እህት፣ በሰው ችቦ ሥር መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ያለበት ሰፈር ነው። ስለዚህ የመብራት ነገር ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው ለሁላችን አንድ መልስ የለውም። ኡም ራኩባ ላለው ሰው የሚሰጠው መልስ ሐምዳይት ላለው አይሠራም።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያዋ የምናውቀውን እንንገራችሁ። በገበያ ከታወቁት አንዷ «ዋተርሊሊ» ትባላለች፤ ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ በሚገኝ ኩባንያ የተሠራች ስትሆን ቢበዛ 15 ዋት ትሰጣለች። ሌላዋ ጀርመን ሠራሽ «ብሉ ፍሪደም» ናት፤ እሷ ደግሞ 5 ዋት ነው የምትሰጠው። 15 ዋት ማለት እንግዲህ ሁለት ሦስት ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖል ማብራት ማለት ነው። ምጣድ አታግልም፣ ፍሪጅ አታስነሳም፣ ቴሌቪዥንም በጭንቅ ነው። ጥቅሟ ሌላ ነው፤ ፀሐይ ብትጠልቅም ባትጠልቅም፣ ነዳጅ ቢኖርም ባይኖርም፣ ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ቀንና ሌሊት ትሠራለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከወራጅ ውሃ የሚገኘው ኃይል በወንዙ ትልቅነት አይወሰንም፤ የሚወስነው ፍጥነቱ ነው። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የአንድ ስንዝር ያህል ስፋት ያላትን፣ ማለትም 18 ሴንቲ ሜትር የሆነችን ጎማ መሳይ ተሽከርካሪ እናስብ። ውሃው በሰከንድ አንድ ሜትር ሲሄድ፣ ማለትም ሰው ቀስ ብሎ በሚራመድበት ፍጥነት፣ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 4 ዋት ገደማ ታገኛላችሁ። በሰከንድ ሁለት ሜትር ሲሆን ወደ 30 ዋት ይጠጋል፤ ይህን ግን ትንሿ ዲናሞ አትችለውም። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ዋት ብቻ ነው፤ ይህ እንግዲህ ምንም ነው። በሰፊና በዝግተኛ ወንዝ ዳር ተቀምጦ «ይሄ ሁሉ ውሃ!» ማለት አይጠቅምም።

4 ዋት ግን አትናቁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጠራቀም ወደ 96 ዋት ሰዓት ነው። ተች ስልክ በአንድ ሙሉ ቻርጅ፣ ብክነቱ ታስቦ፣ 20 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ በቀን አራት ስልክ ይሞላል ማለት ነው። ቁልፍ ያላቸው ትናንሽ ስልኮች ከሆኑ አሥራ አምስትም ይደርሳሉ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ለቻርጅ የሚከፍለውን ያስቀራል። ለካምፕ ግን መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ቦታ እንምጣ። ኡም ራኩባ ከድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ያለ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚያ ክፉ ረሃብና ጦርነት ጊዜ ለመጡ ወገኖቻችን ተከፍቶ የነበረ፣ በ2000 ተዘግቶ የቆየ፣ በኖቬምበር 2020 እንደገና የተከፈተ ካምፕ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ እዚህ ሁሉም ወረቀት በዚያ ስለሆነ።) ቱናይድባህ በጃንዋሪ 2021 የተከፈተ ሲሆን ከድንበሩ 136 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሁለቱም ቦታ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ያለው ኾር ነው፤ ክረምት ሲዘንብ ለጥቂት ሰዓት እየጋለበ መጥቶ የሚያልፍ፣ በማግስቱ ጭቃ ብቻ የሚሆን ደረቅ ፈፋ። ሐፊሩ ደግሞ የቆመ ውሃ ነው። በዚህ ላይ ተርባይን ማለት ጀልባ በሰሊጥ ማሳ ላይ እንደመቅዘፍ ነው። ስለዚህ የኡም ራኩባና የቱናይድባህ ነዋሪዎች ይህን መሣሪያ ከድርጅቶች ባይጠይቁ ይሻላል ብለን በግልጽ እንናገራለን። የሚጠየቀው ሶላር ነው። ባለ 50 ዋት አንድ የሶላር ሰሌዳ በገዳሪፍ በጋ በቀን ወደ 200 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከዚያች ተርባይን እጥፍ ነው፤ ውሃ ውስጥ መግባትም የለበትም።

ሐምዳይት ግን ሌላ ነው። እዚያ ወንዝ አለ፤ ሰቲት ነው፤ የእኛው ተከዜ ማለት ነው፣ ድንበር ሲሻገር ስሙን የሚቀይር። ብዙዎቻችን በ2020 መጨረሻ በጀልባም በዋናም የተሻገርነው ይኸው ወንዝ ነው። ወረድ ብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ አትባራም ቢሆን ከእኛው አገር የሚነሣ፣ መተማ አካባቢ ጓንግ የምንለው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ አባቶች፤ እኛ ደግሞ የተከዜ ልጆች ሆነን መብራት ጠማን።

የእነዚህ ወንዞች ጠባይ ግን መታወቅ አለበት። የእንግሊዙ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 አትባራ ዳር ድንኳን ተክሎ ሲከርም ወንዙ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ብቻ ቀርቶ ነበር። በጁን ወር አንድ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ድምፅ ሰምተው ሰዎቹ ከአሸዋው አልጋ እየተጯጯሁ ሸሹ፤ ሲነጋ ደረቁ አሸዋ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። በሐበሻ ደጋ ዘንቦ፣ እዚያው ጠራራ ፀሐይ ላይ ጎርፍ መጣ ማለት ነው። እንግዲህ በዚያች ሌሊት አሸዋው ላይ ተርባይን የተከለ ሰው ቢኖር ምን ይተርፈው ነበር?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በኢትዮጵያ በኩል በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው፤ ተርባይኖቹ ሲሠሩ የሚለቁት ውሃ በበጋም ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሰቲት እንደ ቤከር ዘመን ዝም ብሎ አይደርቅም። ግን ይህ ማለት የወንዙ መጠን ከዝናብ ሌላ በላይኛው ግድብ ሥራም ይወሰናል ማለት ነው። ትናንት ጉልበት ድረስ የነበረው ዛሬ ወገብ ሊደርስ ይችላል፤ ቀድሞ የሚነግራችሁም የለም። ወደ ታች ደግሞ በሱዳን በኩል በ2017 የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ አለ፤ ሩሜላና ቡርዳና የሚባሉት ሁለቱ ግድቦች ማለት ነው፤ 320 ሜጋ ዋት። የዚያ ግድብ ሐይቅ በሚተኛበት ቦታ ውሃው ሰፊ ነው እንጂ አይሮጥም። ሐሻባ፣ ብዙዎቻችን ቪሌጅ ኤይት የምንለው፣ ሐይቁ አጠገብ ስለነበርን ውሃ በዓይናችን ሞልቶ አይተናል፤ ለትንሽ ተርባይን ግን ያ ውሃ የተኛ ውሃ ነው።

ሌላው ደለል ነው። አትባራን ዐረቦች ጥቁሩ ወንዝ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክረምት ላይ የሚያወርደው አፈር የእኛው ደጋ ማሳ ነው። ኻሽም ኤል ጊርባ ላይ በ1964 የተሠራው ግድብ ሲጀመር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነበር፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ደለል ወሰደው። ያ ሁሉ ኮንክሪት ያልቻለውን ደለል፣ ለካናዳ የጠራ ጅረት የተሠራች የፕላስቲክ መሣሪያ እንዴት ትችለዋለች? አሸዋው ማሽከርከሪያ ኩሽኔታዋን ይፈጫል፤ ጎርፉ የሚያመጣው ግንድና የማሽላ አገዳ ክንፎቿን ይሰብራል ወይም ገመዷን ይበጥሳል። እኛ እንደምንገምተው በሐምሌ ጎርፍ ውስጥ ያለ ጠባቂ የተተወች መሣሪያ ወር አትሞላም።

ታዲያ አይቻልም ማለታችን ነው? አይደለም። ይህች ሱዳን ራሷ ከብዙ አገር ቀድማ የሞከረችው ነገር ነው። ጁባ ያኔ የሱዳን ከተማ ሳለች፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ፒተር ጋርማን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከአንድ የእንግሊዝ የቴክኖሎጂ ልማት ድርጅት ጋር ሆኖ በነጭ ዓባይ ላይ የወራጅ ውሃ ተርባይን ሠርቶ ነበር። ግድብ የለው፣ ቦይ የለው፤ በተንሳፋፊ ታንኳ ላይ ታስሮ፣ ከዳር ባለ ግንድ በገመድ ተይዞ፣ ውሃው ሲገፋው እየተሽከረከረ ለመስኖ ውሃ ይስባል። የተሠራውም እዚያው ካለ ብረት በብየዳ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ወንዙ መሐል ባለው ፈጣን ውሃ ላይ ለመድረስ መንሳፈፍ አለበት፤ ከዳር የተነከረ ነገር ዝግተኛውን ውሃ ብቻ ነው የሚያገኘው። ሁለተኛ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያው ያለ መሆን አለበት።

በእስያም እንዲሁ ነው። በቬትናም ተራሮች ከመቶ ሺህ በላይ ቤተሰብ በትንንሽ ቻይና ሠራሽ የውሃ ዲናሞ ይጠቀም እንደነበር ይገመታል፤ ርካሽ፣ በገበያ የሚሸጥ፣ ራሱ ገበሬው የሚተክለው። ግን እነሱ ያላቸው እኛ እዚህ የሌለን ነገር ተዳፋት ነው። በሰከንድ አሥር ሊትር ብቻ የሚፈስ ምንጭ ከሦስት ሜትር ከፍታ ቢወርድ ግማሹ እንኳ ቢባክን ወደ 150 ዋት ይሰጣል፤ ቀንና ሌሊት ሲጠራቀም ከመቶ በላይ ጎጆ አምፖል ማታ ማታ ያበራል። ይህን በኢትዮጵያም አይተነዋል፤ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በሲዳማ ገጠር፣ ጎበቾ፣ ኤረርቴና ሐጋራ ሶዲቻ ላይ ከ7 እስከ 55 ኪሎ ዋት የሚሰጡ ትንንሽ ጣቢያዎች በጀርመን የልማት ድርጅት እገዛ ተተክለው ነበር። የውሃ ወፍጮ ያየ የደጋ ሰው ነገሩን ሳይነግሩት ይገባዋል፤ ድንጋዩን አንሥቶ ዲናሞ ማስቀመጥ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ግን ሜዳ ነው። እንኳን ሦስት ሜትር፣ አንድ ሜትር የሚወርድ ውሃ ፈልጎ ማግኘትም ችግር ነው። የራሃድና የአዲሱ ሐልፋ መስኖ ቦዮች ውሃ ይዘው ይሄዳሉ፤ ዝግ ብለው። ደግሞ ቦዩ ባለቤት አለው፤ ያለ ፈቃድ ዕቃ መክተት ጠብ መፈለግ ነው። በሽታውም አለ፤ ቢልሃርዚያ በእነዚህ ቦዮች የቆየ ነው። ለአራት ስልክ ብሎ በየቀኑ እግሩን ውሃ ውስጥ የሚነክር ልጅ ሲሸና ደም ካየ፣ ያ ቻርጅ ውድ ነው።

ስለ ሰቲት ስንናገር ሌላም የማንዘለው ነገር አለ። በ2021 ክረምት ወደ ዋድ አል ሒሉ በኩል ወንዙ ምን ይዞ ሲወርድ እንደነበር ያየን አለን፤ አንሥተን የቀበርን አለን። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ውሃ መቅረብ የማይችሉ ሰዎች አብረውን ይኖራሉ። «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ የሚያላግጥባቸው ካለ ያፍርበት። እዚያ ወንዝ ላይ ማንኛውም ሥራ ሲታሰብ ሽማግሌዎችና ቤተሰቦች ቢጠየቁ መልካም ነው።

አሁን የሚያስቆጨንን እንናገር። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ አልፎ ገዳሪፍ የሚገባ ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ወንዞች የመነጨ ኃይል ለሱዳን እንዲሸጥ የተዘረጋ ነው። እኛ በእግር የመጣንበትን መንገድ ኮረንቲው በሽቦ መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሱ ከተማ መግባቱ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የተባለለት ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ስንሰማ ደስ አለን፤ ለምን አይለን! ግን የትልቅ ግድብ መብራት ካምፕ ድረስ አይመጣም፤ ለስደተኛ ካምፕ ትራንስፎርመር የሚተክል መንግሥት እምብዛም አላየንም፤ ካምፕ «ጊዜያዊ» ስለሚባል። ኡም ራኩባ ጊዜያዊ ሆኖ ስንት ዓመት እንደሆነው ከላይ የጻፍነውን ዓመት ቆጥራችሁ ድረሱበት።

ትልቁ መስመርም ቢሆን አስተማማኝ አለመሆኑን ጎረቤቶቻችን አይተውታል። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ በጃንዋሪ 2025 ሹዋክ ያለው የኃይል ጣቢያ በድሮን ሲመታ፣ ገዳሪፍ፣ ከሰላና ሰናር ጨለማ ውስጥ ገብተው ነበር። ያኔ የከተማው ሰው እኛ በየቀኑ የምንኖረውን ኖረው። በየቤቱ ያለች ትንሽ የራስ መብራት ዋጋዋ ያኔ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ የትንሽ ነገርን ሐሳብ የሚያናንቁ ሰዎች ይህን ያስቡበት።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ የሚሻለው እንዲህ ነው። ሶላሩ መሠረት ይሁን። ሐምዳይትና ሰቲት ዳር ላሉት ግን ተርባይኑ የክረምት ረዳት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ሁለቱ ይተካካሉ፤ ሰማዩ ሲጠቁርና ሶላሩ ሲዳከም ያኔ ነው ወንዙ የሚሮጠው፤ ወንዙ ሲቀንስ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከውጭ የምትመጣዋን ውድ መሣሪያ ግን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ብሎ ማደል ገንዘብ መጣል ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ላይ እናገኛታለን። ከዚያ ይልቅ አንድ ተንሳፋፊ፣ ከዳር በጠንካራ ገመድ የታሰረ፣ ባትሪ የሚሞላ፣ ባትሪው ቻርጅ ቤት የሚሄድበት አሠራር ይሞከር። ቻርጅ ቤቱን የሴቶች ማኅበር ቢይዘው እንመርጣለን፤ ጨለማው የሚጎዳው እነሱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹም መብራቶች ወደ መጸዳጃ ቤቱ መንገድ ይሂዱ እንጂ ወደ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን አይሂዱ። የሻይ ቤት ባለቤቶች እንደሚቀየሙን እናውቃለን።

በሱቁ ዳር ሬዲዮና ሪክሻ የሚጠግኑ ወጣቶች «እኛ ራሳችን እንሠራዋለን» ብለውናል። በዚህ እናምናለን፤ አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የመኪና ዲናሞ ቀጥታ ውሃ ላይ ቢታሰር አይሠራም፤ በደቂቃ ከሺህ ዙር በላይ ይፈልጋል፣ ወንዙ የሚያዞረው ጎማ ግን በደቂቃ ጥቂት ዐሥር ዙር ብቻ ነው የሚሄደው። በፑሊና በችንጋ ማፍጠን ይቻላል፤ ብዙ ኃይል ግን እዚያው ይባክናል። በዝግታ ሲዞር ኮረንቲ የሚሰጥ፣ ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር፣ ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ወይም ከኤሌክትሪክ ብስክሌት የወጣ፣ ይሻላል። ባትሪውም ያለ መቆጣጠሪያ ቀጥታ አይታሰር፤ ከልክ በላይ ሲሞላ ይፈላል፤ ድንኳን ውስጥ ያለ የፈላ ባትሪ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ብር ሳታወጡ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። ግማሽ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ዳር ላይ አሥር ሜትር የተለካ ገመድ፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ፤ ይኸው ነው። ጠርሙሱን ከላይ ወርውሩና አሥሩን ሜትር በስንት ሰከንድ እንደጨረሰ ቁጠሩ። ከአሥር ሰከንድ በታች ከሆነ ነገሩን ማሰብ ይቻላል፤ ከሃያ በላይ ከፈጀ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ለመለካት ብላችሁ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ልጆችንም አትላኩ። የሐምዳይት አንባቢዎቻችን ቁጥሩን ከቀኑና ከቦታው ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ብትልኩልን በዚህችው ገጽ እናወጣዋለን፤ በሐምሌና በነሐሴ የተለካው፣ ደግሞም በየካቲት የተለካው፣ ሁለቱም ያስፈልገናል።